ከቁርጭምጭሚት ስብራት በኋላ ወደ ስፖርት መመለስ፦ ከጄሶ እስከ ጨዋታ

«አጥንቱ ገጥሟል» የሚለውን ዜና ከሐኪም የሰማ ስፖርተኛ በዚያው ሳምንት ታኬታውን ሲወለውል ይገኛል። አይፈረድበትም፤ ስንት ጊዜ ተቀምጦ ከርሟል። ነገር ግን ራጁ የሚመሰክረው ስለ አጥንቱ ብቻ ነው። የባት ጡንቻው ምን ያህል እንደሟሸሸ፣ መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደደረቀ፣ እግሩ መሬት ሲረግጥ ሚዛን ለመያዝ ምን ያህል እንደሚዘገይ ራጅ አያሳይም። ወደ ሜዳ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ እያነከሱ የሚወጡትን ሰዎች የሚያስወጣቸው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ራጅ ላይ የማይታየው ጉድለት ነው።

«መቼ እመለሳለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ግምታዊ መልሶች አሉ። አጥንት ለመግጠም በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ቀለል ያለ ስብራት የደረሰበት ሰው ከ3 ወር ገደማ በኋላ ሶምሶማ ሊጀምር ይችላል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ደግሞ ግጭት ወዳለበት ጨዋታ ለመመለስ ከ4 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም አንድ ዓመት ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለመረዳት ሁለት እግር ኳስ ተጫዋቾችን ማነጻጸር ይበቃል። የአርሰናሉ ኤድዋርዶ ዳ ሲልቫ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2008 ከበርሚንግሃም ሲቲ ጋር ሲጫወት እግሩ ተሰበረ፤ ቁርጭምጭሚቱም ቆዳውን ከፍቶ ከቦታው ወጣ። ለዋናው ቡድን ተመልሶ የተሰለፈው ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2009 ነበር፤ በዚያው ምሽት ካርዲፍ ሲቲ ላይ ሁለት ግብ አስቆጠረ። የኤቨርተኑ አንድሬ ጎሜስ ደግሞ ኖቬምበር 3 ቀን 2019 ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮና ተናግቶ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2020 ሜዳ ገባ፤ አራት ወር እንኳ አልሞላም። ሁለቱም በየቀኑ የሚከታተላቸው ባለሙያ የነበራቸው ናቸው። ከእነሱ የአንዱን ቀን ወስዶ «እኔም እንዲሁ» ማለት አያዋጣም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ላሉት ደረጃዎች የሳምንት ቁጥር አልሰጠሁም። እያንዳንዱ ደረጃ መግቢያ ፈተና አለው፤ ያለፈ ይቀጥላል፣ ያላለፈ ባለበት ይቆያል። የሐኪምዎ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎ ትእዛዝ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ከተጋጨ የእነሱን ይያዙ፤ እግርዎን በዓይናቸው ያዩት እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ምን እንደተሰበረ ይወቁ

ቁርጭምጭሚትን የሚሠሩት ሦስት አጥንቶች ናቸው። ወፍራሙ የቅልጥም አጥንት በውስጥ በኩል፣ አጠገቡ ያለው ቀጭን አጥንት በውጭ በኩል ወርደው ሦስተኛውን አጥንት ከላይ ያቅፉታል። በሁለቱም ጎን በእጅዎ የሚዳስሱት ጉብታ የእነዚህ አጥንቶች ጫፍ ነው። አንዱ ጉብታ ብቻ ተሰብሮ ከሆነ፣ ሁለቱም ከሆኑ፣ ወይም የቅልጥሙ የኋላ ጠርዝ ተጨምሮ ሦስት ቦታ ከሆነ የሚጠብቅዎት መንገድ የተለያየ ነው። የውጨኛውን አጥንት ስብራት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ዌበር ኤ፣ ቢ እና ሲ ብለው ይከፍሉታል። ኤ ሁለቱን አጥንቶች ከሚያስተሳስረው ጅማት በታች፣ ቢ በጅማቱ ከፍታ፣ ሲ ከዚያ በላይ የተሰበረ ነው። ስብራቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጅማቱም አብሮ የመበጠሱ ዕድል ይጨምራል። ኤ ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብረትና ብሎን ይፈልጋል።

በቀጠሮዎ ቀን እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈው ይግቡ። የተሰበረው ስንት ቦታ ነው? ጅማት አብሮ ተጎድቷል? የመገጣጠሚያው ልስልስ አጥንትስ? ብረት ካለ ሊወጣ ነው ወይስ ሊቀር? ሙሉ ክብደቴን መቼ ልጣል? እስከዚያ የተከለከለ እንቅስቃሴ አለ? መልሱን እዚያው ይጻፉ፤ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ የሰማውን በትክክል የሚደግም ሰው ብዙ አይደለም። ተጎጂው ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ተነክቶ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የልጆች ክትትል ከአዋቂ ይለያል።

ጄሶው እግርዎ ላይ ሳለ

በዚህ ጊዜ ዋናው ሥራ አጥንቱን አለመረበሽ ነው፤ ያ ማለት ግን ሶፋ ላይ መዋል ማለት አይደለም። እግርዎን ከልብዎ ከፍታ በላይ አድርገው ደጋግመው ያሳርፉ። ሐኪምዎ ከፈቀደ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። በጀርባ ተኝቶ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ በጎን ተኝቶ ወደ ላይ መክፈት፣ በደረት ተኝቶ ወደ ኋላ ማንሳት የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎችን ያቆያል። ጤነኛው እግርም ሥራ አይፍታ።

ሲጋራ የአጥንት መግጠምን በግልጽ ያዘገያል፤ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እንዳያንስዎት ይጠንቀቁ። ክብደት እንዳልጨምር ብሎ ምግብ መቀነስ በዚህ ወቅት አጥንቱን መቅጣት ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አጥንቱም ቁስሉም ሊዘገይበት ስለሚችል ስኳሩን ከወትሮው ጠበቅ አድርጎ ይከታተል።

ሐኪም ዘንድ ሳይዘገዩ የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ፦ ባትዎ ካበጠና ሲነካ ካመመ፣ ጄሶው ሥር ያለው ሕመም ማስታገሻ አልበግረው ካለ፣ ጣቶችዎ ከደነዘዙ ወይም ከገረጡ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ ወይም ትኩሳት ካለ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ሕመም ከመጣ ደግሞ በእግር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የማግስቱ ጠዋት ሕግ

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ የሚዳኘው ይህ ሕግ ነው። ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ይመዝኑት፤ 0 ምንም የለም፣ 10 ሊታሰብ ከሚችለው ሁሉ የከፋው ነው። በልምምድ መካከል እስከ 3 የሚደርስ ሕመም አያስደነግጥም። ፍርዱ የሚሰጠው ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ልብ ብለው ያዳምጡ። ከትናንቱ ጠዋት የባሰ ከደረቀ፣ ካመመ ወይም ካነከሱ ትናንት አብዝተዋል ማለት ነው። ያን ቀን እረፍት ያድርጉ፤ ቀጥለው ሲሠሩ ካለፈው መጠን አንድ እርከን ዝቅ ይበሉ። ጠዋቱ ሰላም ከሆነ ደግሞ የትናንቱን መድገም ወይም ትንሽ መጨመር ይቻላል።

እብጠትንም በዓይን ግምት አይተዉት። የልብስ ሰፊ ሜትር ወስደው ቁርጭምጭሚትዎን ከእግርዎ መሐል ጋር በ8 ቁጥር ቅርጽ ይጠምጥሙና ይለኩ፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አኳኋን። ቀለል ያለው ዘዴ ደግሞ ማታ ካልሲ ሲያወልቁ ነው፦ የካልሲው ላስቲክ በተጎዳው እግር ላይ የተወውን መስመር ከጤነኛው ጋር ያስተያዩ። እብጠቱ ማታ ማታ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴ እስከ ዓመት ድረስ መመላለሱ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ከሳምንት ወደ ሳምንት እየጨመረ ሲሄድ ነው።

ከልምምድ በፊት የሕመም ማስታገሻ ውጦ መግባት ዳኛውን ከሜዳ አስወጥቶ መጫወት ነው። ማስታገሻ ካስፈለገዎት ለልምምድ ዝግጁ አይደሉም።

ጄሶው ሲወልቅ

የሚያዩት እግር የራስዎ አይመስልም። ቆዳው ይረግፋል፣ ባቱ ቀጥኗል፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ ይላል። ለብ ባለ ውኃ ይጠቡት፤ የሞተውን ቆዳ በኃይል አይፈግፍጉት፣ በራሱ ጊዜ ይረግፋል። የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ካለ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ በጣት በቀስታ እያሹ ከሥሩ ካለው ሥጋ እንዳይጣበቅ ያድርጉ።

እንቅስቃሴው በቀላል ይጀምራል። ተቀምጠው ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ከዚያ ወደ ታች ይግፉ፤ ቀጥሎም በአየር ላይ ክብ ይሥሩ። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ። እግርን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ጎን ማዞር፣ ክቡንም ጨምሮ፣ መቼ እንደሚፈቀድ ግን ጅማት ለተጎዳበት ሰው ሐኪሙ ይወስናል።

ክራንቹን ለመጣል አይቸኩሉ። ሰው ሁለቱን ክራንች በአንድ ቀን ጥሎ ለሳምንታት እያነከሰ ይሄድና ማነከሱ ልማድ ይሆንበታል፤ ከዚያ አጥንቱ ከዳነ በኋላ እንኳ አረማመዱ አይስተካከልም። በሁለት ክራንች ቀጥ ብሎ መራመድ ያለ ክራንች ከማነከስ ይሻላል። ከሁለት ወደ አንድ ሲወርዱ የሚቀረው ክራንች በጤነኛው እግር በኩል ይያዝ። ሲራመዱ ተረከዝ ቀድሞ ይረፍ፣ ክብደቱ በእግር መሐል ይለፍ፣ በመጨረሻም አውራ ጣት መሬቱን ገፍቶ ይነሳ። ብዙዎች ይህን የመጨረሻ ግፊት ዘለው እግራቸውን እንደ ሳንቃ አንስተው ያስቀምጣሉ። ስልክ ወለል ላይ አቁመው ከጎን ይቅረጹና ይዩት፤ የራስን ማነከስ በስሜት ብቻ መለየት ይከብዳል።

ቋሚ ብስክሌት ከዚህ ጀምሮ ጥሩ ጓደኛ ነው። መጀመሪያ ፔዳሉን በተረከዝ፣ ቀስ በቀስ በእግር ፊት ይርገጡ። መዋኘትም ቁስል ከተዘጋ በኋላ ይቻላል፤ ግድግዳ ገፍቶ መዞርና ከመዝለያ መዝለል ግን ይቆይ።

ጉልበት ከግድግዳ

የቁርጭምጭሚትን መታጠፍ ለመለካት ከዚህ የቀለለ መሣሪያ የለም። ጫማዎን አውልቀው ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቁሙ። የአንድ እግርዎን አውራ ጣት ግድግዳው አጠገብ ያድርጉ፤ ተረከዝዎ ከወለሉ ሳይነሳ ጉልበትዎን አጥፈው ግድግዳውን ያስነኩ። ከነካ እግርዎን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሳቡና ይድገሙት። ተረከዙ ሳይነሳ ጉልበቱ መንካት የሚችልበት የመጨረሻው ቦታ ላይ ከአውራ ጣትዎ ጫፍ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ይለኩ። ጤነኛው እግር 11 ሴንቲ ሜትር ቢያሳይ የተጎዳው መጀመሪያ ላይ 3 ወይም 4 ቢያሳይ አይደንግጡ። የሚፈለገው ልዩነቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች እንዲወርድ ነው።

መለኪያው ራሱ ልምምድም ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ድግግሞሽ፣ ጉልበቱ በትንሿ ጣትና በአውራ ጣት መካከል ወዳለው አቅጣጫ እየሄደ። የእግርዎ መዳፍ ወደ ውስጥ ከተደፋ ያገኙት ሴንቲ ሜትር የውሸት ነው።

የሚሰማዎት የት ነው? ከኋላ ባትዎ ላይ መሳሳብ ከሆነ ጡንቻው ነው፣ ከጊዜ ጋር ይለቃል። ከፊት፣ ቁርጭምጭሚቱ መታጠፊያ ላይ እንደ መቆንጠጥ ያለ ስሜት ከሆነ ግን መገጣጠሚያው ራሱ ነው፤ በዚያ ላይ መግፋት ማባባስ ይሆናል። ይህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ አልፎ አልፎም ብሎን ወይም ትርፍ አጥንት መንገድ ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገራል። ይህን እጥፋት ችላ ብሎ ወደ ዝላይ የሄደ ሰው ሲያርፍ የጎደለውን ከጉልበቱ ይበደራል፤ ብዙ ሳይቆይ ጉልበቴን አመመኝ ማለት ይጀምራል።

ባት

አንድ ነገር ብቻ በትክክል ለመሥራት ጊዜ ካለዎት ይህን ይሥሩ። በሩጫ ጊዜ ከጥልቁ የባት ጡንቻ የሚጠየቀው ኃይል ከሰውነት ክብደት 6 እጥፍ በላይ እንደሚደርስ ይገመታል። በጄሶ ውስጥ ቆይቶ የቀጠነ ባት ይህን ሲሸከም ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ያም ሆኖ ሰዎች ባትን የሚያሠሩት ብስክሌት ሲጨርሱ ለወጉ ነው።

በመቀመጥ ይጀምሩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ያንሱ፣ ያውርዱ፤ ሲቀልልዎት ጉልበትዎ ላይ ክብደት ይጫኑ። ቀጥሎ ቆመው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ በሁለት እግር። ከዚያ በሁለት እግር ተነስቶ በተጎዳው ብቻ ቀስ ብሎ መውረድ ይመጣል፤ መውረጃው 3 ሰከንድ ያህል ይፍጅ። ይህ ሽግግር ትዕግሥት ይፈታተናል፤ ለረጅም ጊዜ በአንድ እግር መነሳት የማይቻል ይመስልና አንድ ቀን ተረከዙ ጥቂት ከፍ ይላል። የመጀመሪያውን ሙሉ በአንድ እግር መነሳት ካገኙ በኋላ ቁጥሩ በፍጥነት ያድጋል።

ግቡ በአንድ እግር ከ20 እስከ 25 ጊዜ መነሳት ነው፤ በዕድሜ ገፋ ላሉ ሰዎች ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ከጤነኛው እግር ጋር መቀራረቡ ነው። ግን ቁጥሩን ማጭበርበር ቀላል ነው። ጉልበት ሲታጠፍ፣ ከፍታው ከመጀመሪያው ግማሽ ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ ትናንሾቹ ጣቶች ሲሸሽ፣ ጣት ብቻ ማስነካት የነበረበት እጅ ግድግዳውን ሲገፋ ያ ድግግሞሽ አይቆጠርም። ጤነኛው ተረከዝ የሚደርስበትን ከፍታ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ያስምሩ፤ የተጎዳው ያን መስመር ሲስት እዚያው ያቁሙ። ሰው 18 ቆጥሬያለሁ ይልና መስመሩ የሚያውቀው 7 ብቻ ይሆናል።

ጉልበት ቀጥ ሲል የሚሠራው ላይ ላዩን ያለው ጡንቻ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ የበለጠ የሚጫነው ጥልቁ ነው፤ ሁለቱንም ይሥሩ። በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 3 ወይም 4 ዙር ይበቃል። ወለል ላይ ሲቀልልዎት በደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዙ ዝቅ እስኪል፣ ከዚያም ጀርባ ላይ በተሸከሙት ቦርሳ ክብደት እየጨመሩ።

ሚዛን

በአንድ እግር መቆም፦ 30 ሰከንድ በተከፈተ ዓይን፣ ከዚያ በተጨፈነ፣ ከዚያ ኳስ እየተቀባበሉ። ጥርስ እየቦረሹ መሥራትም ይቻላል። ከዚህ የሚበልጠው ግን በአንድ እግር ቆሞ በሌላው መድረስ ነው። ወለል ላይ በፕላስተር ከአንድ ነጥብ የሚነሱ ሦስት መስመሮች ያስምሩ፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ በሰያፍ ወደ ኋላ። መሐል ላይ በአንድ እግር ቆመው ሌላውን እግር በየመስመሩ እስከቻሉት ድረስ ዘርግተው መሬቱን ነካ ያድርጉና ይመለሱ። ወደ ፊት ባለው መስመር የሁለቱ እግሮች ልዩነት ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች እስኪሆን ይሥሩ።

ሶምሶማ

ለመጀመር እነዚህ ሁሉ ይሟሉ፦ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ፈጠን ብለው ሳያነክሱ ተራምደው በማግስቱ ጠዋት ሰላም መሆን፤ የግድግዳው ልዩነት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር መውረዱ፤ በአንድ እግር ቢያንስ 20 ጥራት ያለው የተረከዝ ማንሳት፤ ባሉበት ቦታ በአንድ እግር ያለ ሕመም 10 ጊዜ እንጣጥ ማለት። ብረት ያለበት ሰው የሐኪም ፈቃድ ይጨምር። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሶምሶማው አይቀርም፣ ይዘገያል እንጂ።

ሜዳው ለጥ ያለ ይሁን፤ ጉድጓድና ድንጋይ የሌለበት። በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ፣ ከ5 ደቂቃ የእርምጃ ማሟሟቂያ በኋላ፦

1. 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ 6 ጊዜ።
2. 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ 6 ጊዜ።
3. 3 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፤ 5 ጊዜ።
4. 5 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፤ 4 ጊዜ።
5. 10 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፤ 2 ጊዜ።
6. ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ።

እያንዳንዱን እርከን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሠርተው ሁለቱም ጠዋቶች ሰላም ከሆኑ ብቻ ይለፉ። መጀመሪያ የሚጨመረው ጊዜ ነው። ፍጥነት፣ ዳገትና ወጣ ገባ መሬት የሚመጡት 30 ደቂቃው ከተደላደለ በኋላ ነው፤ ያውም አንድ በአንድ። ሳንባዎ ከእግርዎ ቀድሞ እንደሚመለስ አይርሱ። በአራተኛው እርከን ላይ «ኧረ ይሄማ ቀላል ነው» የሚያሰኘው ትንፋሽ ነው፤ አጥንቱና ጅማቱ ገና እየተለማመዱ ናቸው።

ዝላይ፣ ማረፍና መታጠፍ

በሁለት እግር ባሉበት በትንሹ መዝለል፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ከዝቅተኛ ሳጥን ወርዶ ማረፍ፤ ከዚያ ያንኑ ሁሉ በአንድ እግር። ሲያርፉ ጆሮዎን ይጠቀሙ፤ የተጎዳው እግር «ዷ» ብሎ ጤነኛው ዝም ካለ ባቱ ግጭቱን እየዋጠው አይደለም።

ለመለካት በአንድ እግር አንዴ ወደ ፊት ዘለው እዚያው ጸጥ ብለው ይቁሙ፤ ከተንገዳገዱ አይቆጠርም። ሦስት ሙከራ፣ ጤነኛው ቀድሞ። የተጎዳው የጤነኛውን 90 በመቶ ማምጣት አለበት፤ ጤነኛው 150 ሴንቲ ሜትር ከዘለለ የተጎዳው 135። ሦስት ተከታታይ ዝላይና መስመር እያቋረጡ በሰያፍ መዝለልም በዚሁ ሚዛን ይለካሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጤነኛው እግርም ከእርስዎ ጋር ተቀምጦ ከርሟል። ከደከመ እግር 90 በመቶ ማምጣት ያታልላል፤ ከጉዳቱ በፊት የነበረ መለኪያ ካለዎት በዚያ ይመዘኑ።

መታጠፍ የሚጀምረው በሰፊ ማዕዘን ነው። በግማሽ ፍጥነት 45 ዲግሪ፣ ከዚያ 90፣ ከዚያ ሙሉ መመለስ፤ ፍጥነቱ የሚጨመረው ማዕዘኑ ከተለመደ በኋላ። እስከዚህ ሁሉንም አስቀድመው አውቀው ነው የሚታጠፉት። ጨዋታ ግን አያስታውቅም። ስለዚህ ሌላ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ በእጁ ግራ ወይም ቀኝ ያሳይዎት፣ እርስዎም ባዩ ቅጽበት ይታጠፉ። ብዙ ሰው በኮኖች መካከል እንደ ጥንቱ እየሮጠ እዚህ ላይ ሲደርስ እግሩ ይጠራጠርበታል። በመሮጫ ማሽን ላይ ድኖ በቀጥታ ወደ ግጥሚያ የሄደ ሰው የዘለለው ይህንን ነው።

ወደ ራስዎ ስፖርት

ለሯጭ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ርቀትን ቀስ እያደረጉ መመለስ ነው። ለእግር ኳስ፣ ለቅርጫት ኳስና ለመረብ ኳስ ተጫዋች ግን ገና ነው። መጀመሪያ ከቡድኑ ጋር ማሟሟቅና ኳስ መንካት፣ ያለ ንክኪ። ቀጥሎ ሙሉ ልምምድ ከነግጭቱ፣ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት። ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ በተቀያሪነት፣ ቀጥሎ ግማሽ ጨዋታ፣ ቀጥሎ ሙሉ። አሰልጣኝዎ በመጀመሪያው ቀን 90 ደቂቃ ሊያጫውትዎት ከፈለገ የሚከለክል አንደበት ይኑርዎት። ድካም ሲገባ ማረፍና መታጠፍ ይበላሻል፤ ስለዚህ የዝላይ ፈተናውን አንዴ ከልምምድ በኋላ፣ ደክሞዎት ሳለ ይድገሙት።

ፍርሃትን በጀግንነት ማሸነፍ አይቻልም። እግርዎ የተሰበረው በራስ ኳስ ለመግጨት ዘለው በሰው እግር ላይ ሲያርፉ ከሆነ ያንኑ እንቅስቃሴ ቆራርጠው ይለማመዱት፦ መዝለል ብቻ፣ ኳስ ይዞ መዝለል፣ አጠገብዎ ሰው ቆሞ መዝለል፣ በቀላሉ እየገፋዎት መዝለል። እያንዳንዱ ተሰላችተው «ሌላ ነገር የለም?» እስኪሉ ይደገም። እግሩን የሚሰስት ተጫዋች ዘግይቶ ይገባል፣ በግማሽ ልብ ይገጫል፤ የሚጎዳውም ያኔ ነው። በሁሉም ፈተና አልፈው አሁንም የሚፈሩ ከሆነ ጊዜ ይውሰዱ፣ ከስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያም ጋር መነጋገር ይቻላል።

በማሰሪያ የሚጠብቅ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ወይም የስፖርት ፕላስተር ወለምታ የመድገም ዕድልን ይቀንሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጨዋታ ቀን ቢያደርጉት አይጎዳም። ደካማ ባትን ግን አይተካም።

በማንኛውም ደረጃ ላይ ስብራቱ የነበረበት ነጥብ በጣት ሲጫኑት አጥንቱ ላይ የሚያም ከሆነና እየባሰ ከሄደ፣ መገጣጠሚያው ከተቆለፈ ወይም ከከዳዎት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ከመጣ፣ ወይም እግሩ እያቃጠለ ቀለሙና ላቡ ከተለወጠ ልምምዱን አቁመው ለሐኪም ያሳዩ።

ብረቱስ?

ብዙ ሰው ብረቱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ጫማ የሚነካው፣ በብርድ የሚያመው ወይም ቆዳው ሥር የሚቆረቁረው ሰው ደግሞ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ ሊያስወጣው ይችላል። ሁለቱን አጥንቶች የሚያስተሳስረው ብሎን የተለየ ነው፤ አንዳንድ ሐኪሞች ከጥቂት ወራት በኋላ ያወጡታል፣ ሌሎች ይተዉታል፣ ከነጭራሹ በእንቅስቃሴ ብዛት በራሱ የሚሰበርበት ጊዜም አለ። ለማስወጣት ካሰቡ ከውድድር ወቅት ውጭ ያድርጉት። ብሎኑ የወጣበት ቀዳዳ እስኪሞላ ድረስ አጥንቱ በዚያ ነጥብ ላይ ይደክማል፤ ስለዚህ ቁስሉ ቢድንም ሩጫ፣ ዝላይና ግጭት ሐኪምዎ እስከሚወስነው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ፣ ይቆያሉ። ሲመለሱም ከሶምሶማው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ እርከን ይጀምሩ።